የሚክሰሩ እጀታ ከፍተው ሲለቁት ለምን ተመልሶ ይወርዳል?

ይህ የአንድ የኢንተርኔት መድረክ ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና የተከታታይ መልሶቹ፣ ማጠቃለያ ነው። ጠያቂው የወጥ ቤት ሲንክ ላይ የተገጠመ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅል ቧንቧ) አለው። እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ ውሃው በደንብ ይመጣል። እጁን ሲያነሳ ግን እጀታው ቀስ እያለ በራሱ ይወርድና ውሃው ይቀጥናል፤ ጥቂት ቆይቶም ይዘጋል። ዕቃ ለማጠብ አንዱ እጅ ሁልጊዜ እጀታውን ይዞ መቆየት አለበት። ከአፉ አይንጠባጠብም፣ ከግርጌውም አያፈስም። ቀይና ሰማያዊ ምልክት ካለባት ክዳን ሥር ያለችው ትንሽ ብሎን ብትጠብቅም ምንም ለውጥ አልመጣም። ሚክሰሩ እንዳለ ይቀየር ወይስ የሚጠገን ነገር አለው ሲል ይጠይቃል።

መልስ 1፦ መፍትሔ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ነገር እንዲፈተሽ በትህትና ይጠይቃል። መጀመሪያ ከሲንኩ ሥር ያሉት የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መዝጊያዎች ይዘጉና እጀታው ይነሳ። ውሃ ሳይኖርም ከወረደ ጥፋቱን ከውሃው መፈለግ አያስፈልግም። ቀጥሎ የእጀታው ጫፍ ተይዞ በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅነቅ። ከሥሩ ያለው ዘንግ ሳይንቀሳቀስ እጀታው ብቻውን የሚላወስ ከሆነ ችግሩ የብሎኗ ነው፣ ወይም ዘንጉ የሚገባበት የእጀታው ጉድጓድ ተበልቷል። ዘንጉና እጀታው አብረው የሚወርዱ ከሆነ ግን ብሎኗን ማጥበቅ ትርፉ ድካም ነው። ከክሩ ሁሉ ቀድሞ መነበብ ያለበት ይህ መልስ ይመስለኛል፤ ሰው ሳይፈትሽ በቀጥታ ወደ መፍቻው ይሮጣልና።

መልስ 2 አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አዲስ ግዛና ተገላገል የሚል። የማያፈስ የነሐስ አካል ያለው ሚክሰር ውስጡ ያለች አንዲት ክፍል ስለላላች አይጣልም። ከታች የመጡትም ይህን ምክር አልተቀበሉትም።

መልስ 3፦ የክሩ ዋና አካል ይህ ነው። ጸሐፊዋ የሚክሰሩን ውስጥ ከነአሠራሩ ታስረዳለች። ከእጀታው ሥር ካርትሪጅ የሚባል የፕላስቲክ በርሜል አለ። በውስጡ እጅግ ለስላሳ ሆነው የተሞረዱ ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች ተደራርበው ተቀምጠዋል። የታችኛው አይንቀሳቀስም፤ የላይኛው በእጀታው እየተገፋ በላዩ ይንሸራተታል። ቀዳዳዎቻቸው ሲገጣጠሙ ውሃ ያልፋል፣ ሲተላለፉ ይዘጋል። ካርትሪጁን ከላይ ወደ ታች ጨቁኖ የያዘው ትልቅ ዳዶ ሲሆን፣ ከካርትሪጁ መቀመጫ ሥር ያሉት የጎማ ቀለበቶች ደግሞ ከታች ወደ ላይ እንደ ሞላ ይገፋሉ። ዲስኮቹ እርስ በርስ የሚጣበቁት በእነዚህ በሁለቱ ግፊት መካከል ነው። እጀታውን ባለበት የሚያቆመውም በዚህ ጭቆና የሚፈጠረው ሰበቃ እንጂ ሌላ ምንም መቆለፊያ የለውም። ዳዶው ትንሽ ከላላ ወይም ጎማዎቹ ከእርጅና ብዛት ከተጨፈለቁ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ያኔ የእጀታው ክብደት ያሸንፋል። እጀታው ረጅምና ሙሉ ብረት ሲሆን ችግሩ ቶሎ የሚታየውም ለዚሁ ነው።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ታስቀምጠዋለች። ከሲንኩ ሥር ሁለቱም መዝጊያዎች ይዘጋሉ፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት እንዲወጣ እጀታው አንድ ጊዜ ይከፈታል። ባለ ሁለት ቀለሟ ክዳን በስለታም ነገር ጫፍ ቀስ ተብላ ትነሳለች። በቀዳዳው ውስጥ ያለችው ብሎን በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ በብሩጎላ፣ ትፈታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ናት። እጀታው ወደ ላይ ይነቀላል። ከሥሩ ጉልላት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይገኛል፤ እሱም በእጅ ወደ ግራ ተዙሮ ይወጣል። ከዚያ ዳዶው ይታያል። በልክ የገባ የሚስተካከል ቁልፍ ተይዞ ዳዶው በሰዓት አቅጣጫ ከሙሉ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ይጠብቃል። እጀታው ብሎኗ ሳትታሰር ዘንጉ ላይ ብቻ ይቀመጥና ይሞከራል። አሁንም ከወረደ ሌላ አንድ ስምንተኛ ይጨመራል። በማንኛውም ከፍታ ሲለቀቅ እየቆመ፣ በሁለት ጣት ግን ያለ ችግር የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ልኩ እሱ ነው።

መልስ 4 ለ3 ቁጥር ምስጋና አቅርቦ ሁለት ነገር ያክላል፤ ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ሥራው ሳይጀመር የሲንኩ ቀዳዳ በጨርቅ ይደፈን፣ ምክንያቱም ብሎኗ ከጥፍር ታንሳለች፣ ከወደቀች አትገኝም። የሚያብረቀርቀው ሽፋን ደግሞ በፒንሳ አይነካ። ጥርሱ ክሮሙን ይልጠዋል፤ የተላጠው ቦታም ከጊዜ በኋላ ይበላሻል። በእጅ እምቢ ካለ የጎማ ጓንት ወይም እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ነጭ የኖራ ዝቃጭ አጣብቆት ከሆነ በኮምጣጤ የተነከረ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጠቅለልበትና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ኮምጣጤው ሌሊቱን እንዲያድር መተው ክሮሙን ያደበዝዘዋል። ሽፋኑና ዳዶው አንድ አካል ሆነው የተሠሩ ሚክሰሮች ስላሉም፣ ዳዶ ያልታየው ሰው ሽፋኑን ራሱን በጥቂቱ ያጥብቅ ይላል።

መልስ 5 አቅጣጫውን ይቀይራል። ጥፋቱ የውሃው ግፊት ነው፣ ግፊቱ ሲበዛ እጀታውን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ ስለዚህ መስመሩ ላይ ግፊት መቀነሻ ይገጠም የሚል ነው።

መልስ 6 እዚህ ላይ ቆጣ ይላል። 5 ቁጥር የ1 ቁጥርን ፈተና እንኳ ሳያነብ ሰውን ለወጪ እየዳረገ ነው ሲል ይወቅሳል። ውሃው ከታች የሚመጣው ዲስኩን ወደ ላይ እየገፋ ነው። የላይኛው ዲስክ ደግሞ የሚንሸራተተው ወደ ጎን ነው። ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ዲስኩን ወደ መዝጊያው ጎን የሚነዳበት ምክንያት የለም። መዝጊያዎቹ ተዘግተው እጀታው ከወረደ ክርክሩ በዚያው ያልቃል። በይዘቱ ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን ከሚገባው በላይ ሻካራ ነበር። ግፊት የሚያደርሰው ጉዳት የለም ማለት አይደለም፣ ከ5 ባር በላይ ሲሆን ጎማዎችንና ተጣጣፊ ቱቦዎችን ያስረጃል፤ መቀነሻ የሚገጠመውም ለዚያ ነው። የወደቀን እጀታ ግን አያቆምም።

መልስ 7 ካርትሪጁ ወጥቶ ቫዝሊን ወይም የመኪና ግሪስ ይቀባ ይላል። መልስ 8 ወዲያው ተከትሎ ይህን የሚያነብ ሰው በፍጹም እንዳይሞክረው ያስጠነቅቃል። ምክንያቱን ሁለት ያደርገዋል። ግሪስ ሰበቃን ይቀንሳል፤ የዚህ እጀታ ችግር ደግሞ ሰበቃ ማነሱ ነው፤ ቅባት መጨመር የባሰ ያንሸራትተዋል። ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ደግሞ ኢፒዲኤም የሚባለውን በቧንቧ ዕቃ ውስጥ የተለመደውን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ጎማው ቅርጹን ካጣ ማፍሰስ ይከተላል። ቅባት የሚያስፈልገው እጀታው ሲከብድ ነው፤ ያኔም ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ የሲሊኮን ግሪስ፣ እሱም በስሱ። እጀታው መክበዱና እጀታው መውረዱ ተቃራኒ በሽታዎች ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ መሆኑን ከዚህ የተሻለ ያስረዳ መልስ ክሩ ውስጥ የለም።

መልስ 9፦ እስካሁን የተባለው ሁሉ ለሴራሚክ ካርትሪጅ እንደሆነ አስታውሶ፣ ባለ ኳስ ሚክሰር ያለው ሰው ሌላ ነገር እንደሚያገኝ ይናገራል። በዚህ ዓይነቱ ከእጀታው ሥር ዲስክ ሳይሆን ቀዳዳዎች ያሉባት ኳስ አለች። ጉልላቱ አናት ላይ ደግሞ ጠርዙ ላይ ጥርስ የመሰለ ክፍተት ያለው ማስተካከያ ቀለበት ይታያል። እጀታው የሚላላው ይህ ቀለበት ሲላላ ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከዘንጉ ዙሪያም ውሃ ብቅ ይላል። ጉልላቱን መፍታት ሳያስፈልግ ለቀለበቱ በተሠራው ቁልፍ ወይም በጠፍጣፋ ነገር ክፍተቱን ይዞ በሰዓት አቅጣጫ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ይበቃል። ይህን ውሃው ተከፍቶ መሥራት ይሻላል፤ ከዘንጉ ዙሪያ የሚወጣው ውሃ ሲቆምና እጀታው ሲረጋ በአንድ ጊዜ ይታያልና። ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ቀለበቱ አያድነውም፤ ከኳሷ ሥር ያሉት ሁለት ትናንሽ የጎማ መቀመጫዎችና ሞላዎቻቸው ይቀየራሉ።

መልስ 10 ላይ ጠያቂው ውጤቱን ይዞ ይመለሳል። ውሃው ተዘግቶም እጀታው ወርዷል፤ ከዘንጉ ጋር አብሮ እንጂ ብቻውን አይላወስም። ስለዚህ የ1 ቁጥር ፈተና የካርትሪጁ ጉዳይ መሆኑን አረጋግጧል። ዳዶው ሩብ ዙር ያህል ጠብቆ እጀታው ቆመ፤ ጥቂት ቀን አገልግሎ ግን እንደገና መንሸራተት ጀመረ። አሁን የበለጠ ላጥብቀው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

መልስ 11 አይሆንም ይላል፣ በጠንካራ ቃል። አንዴ ጠብቆ የተመለሰ ዳዶ ብዙ ጊዜ ራሱ አልላላም፤ ከሥሩ ያሉት ጎማዎች የመመለስ ጉልበታቸውን ጨርሰዋል፣ በተጨቆኑ ቁጥር በዚያው ይቀራሉ። በረጅም ቁልፍ እየተጫኑ ማሰር የካርትሪጁን የፕላስቲክ አካል ይሰነጥቃል፣ ወይም ሴራሚኩን ይሰብራል፤ የነሐሱ ጥርስም ይበላል። ጥርሱ የተበላ ሚክሰር ያኔ በእርግጥ የሚጣል ነው። እጀታው በሁለት ጣት መንቀሳቀስ ካስቸገረ መስመር ታልፏል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መፍትሔው ካርትሪጅ መቀየር ነው።

ሰው የሚሳሳተው ሲገዛ ስለሆነ ጸሐፊው እዚህ ላይ ጊዜ ይወስዳል። የተለመዱት የካርትሪጅ ስፋቶች 25፣ 35 እና 40 ሚሊ ሜትር ናቸው። 35 እና 40ን በዓይን መለየት ስለሚያሳስት በካሊፐር ይለካ። ስፋቱ መግጠሙ ብቻውን አይበቃም። ታቹ ጠፍጣፋ ነው ወይስ እግር ያለው ከፍ ያለ? በታቹ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጉጦች የት ላይ ናቸው? የዘንጉ ውፍረትና ቁመት ስንት ነው? ጠቅላላ ከፍታውስ? ከፍታው በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ቢያጥር ዳዶው እስከ መጨረሻው ቢታሰርም ጎማዎቹን በሚገባ አይጨቁናቸውም፤ አዲሱ ዕቃ ገና ከመጀመሪያው ቀን እጀታውን ይጥላል። ስለዚህ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ከሁሉ ይሻላል።

ሲገጠምም ሁለቱ ጉጦች በሚክሰሩ ወለል ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ጥብቅ ብለው መግባት አለባቸው። ካርትሪጁ ከተቀመጠ በኋላ በጣት ሲዞር የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልገባም። ወለሉ ላይ የቀረ ዝቃጭ ወይም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ በካቻቢቴ መፋቅ ነሐሱን ይጭረዋል፣ በጭረቱም ውሃ ያልፋል። ዳዶው መጀመሪያ በእጅ እስከሚቆም ይዞራል፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ያህል ይጨመርበታል።

መልስ 12 ጥሩ ማሳሰቢያ ነው። ውሃ ለመቆጠብ የተሠሩ አንዳንድ ካርትሪጆች በውስጣቸው ሞላ አላቸው፤ እጀታው ከመሃል አልፎ ሲነሳ ሞላው ወደ መሃል ይመልሰዋል። ይህ ብልሽት አይደለም። መለያውም ቀላል ነው፦ እጀታው መሃል ላይ ሲደርስ ግልጽ መደናቀፍ ይሰማል፣ ሲለቀቅም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል እንጂ እስከ ታች አይወርድም። እንዲህ ያለውን በዳዶ ለማስተካከል መሞከር ካርትሪጁን ማበላሸት ነው።

መልስ 13 ላይ ክሩ መንገዱን ይስታል። አንዲት ጠያቂ እጀታው ቆሞ ሳለ የሙቅ ውሃው ብቻ እየቀጠነ የሚሄድበት ባለ ሁለት እጀታ የድሮ ቧንቧ እንዳላት ትጽፋለች። መልስ 14 አዲስ ጥያቄ አዲስ ክር ይከፈትለት ብሎ ይገሥጻታል፤ መልስ 15 ግን ተግሣጹን አልፎ መልሱን ይሰጣል፣ ደግም አደረገ። እንዲህ ባለው ቧንቧ ውሃውን የሚዘጋው በዘንጉ ጫፍ ያለ የጎማ ሮንዴላ ነው። ያረጀ ጎማ በሙቀት ያብጥና መተላለፊያውን ያጠብበዋል፤ ስለዚህ ውሃው ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሮንዴላውን ሙቀት በሚችል መቀየር ይበቃል። በዚያው ዓይነት ቧንቧ እጀታው ራሱ በንዝረት እየዞረ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ከእጀታው ሥር ያለው የማሸጊያ ዳዶ ላልቷል፤ አንድ ስምንተኛ ዙር ይጠበቅ፣ ካልረጋ ተፈትቶ ዘንጉ ዙሪያ ቴፍሎን ተጠቅልሎ ይመለስ።

መልስ 16፦ ቴፍሎን ሲነሳ የካርትሪጁ ዳዶ ጥርስ ላይም ቢጠቀለል እጀታውን አያጸናውም ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልስ 17 አጭርና ቁጡ ነው። ያ ዳዶ የሚጨቁን እንጂ ውሃ የሚይዝ አይደለም። ቴፍሎን ሲገባበት ቁልፉ ላይ የሚሰማው ጥብቀት ከጥርሱ የመጣ ይሆናል፤ ካርትሪጁ ሳይጨቆን የጨቆኑት ይመስላል። እጀታው ሥር ጎማ ሸጉጦ እንዲይዝ ማድረግም ያው ነው፤ ለጊዜው ያቆማል፣ ከሥር ያለውን ጥፋት ግን እንዳለ ይተወዋል።

መልስ 18 ስለ ብሎኗ ይናገራል፣ ማንም ያላነሳውን። ብሩጎላው በሚሊ ሜትርና በኢንች ይሠራል፤ የ3/32 ኢንች ቀዳዳ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 2.5ቱ አይገባበትም፤ የ1/8 ኢንች ቀዳዳ ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 3ቱ ገብቶ ይንከራተታል። የተንከራተተ ቁልፍ የብሎኗን ስድስት ጎን ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ እጀታውን ለማውጣት መሰርሰሪያ ነው የሚያስፈልገው። ቁልፉ ሳይላወስ ካልገባ አይዙር። መልስ 19 ደግሞ እጀታው በጎን የሚገጠምና ሲዘጋ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሚክሰር ላላቸው ይጽፋል። እዚያ የላላ እጀታ ወደ መዝጋት ሳይሆን ወደ መክፈት ይወድቃል። ማንም ሳይነካው ውሃ ሊለቅ ስለሚችል፣ እስኪጠገን ከሲንኩ ሥር ያሉት መዝጊያዎች ሰው በማይኖርበት ጊዜ ይዘጉ።

መልስ 20 ላይ ጠያቂው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካርትሪጅ መቀየሩን ያስታውቃል። አሮጌው ሲገለበጥ ታቹ ላይ ያሉት ጥቁር ጎማዎች ከፕላስቲኩ ጋር እኩል ሆነው ተጨፍልቀው ነበር፤ በአዲሱ ላይ ግን በጣት ሲዳሰሱ ጎልተው ይሰማሉ። እጀታው አሁን በየትኛውም ከፍታ ይቆማል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፦ ከአፉ ጠብታ ጀምሯል።

መልስ 21 ካርትሪጁን ከመክሰስ በፊት የአፉ ወንፊት ይፈታ ይላል። መዝጊያዎቹ ከተዘጉ በኋላ ሲከፈቱ በመስመሩ ያለ አሸዋና ዝገት ይነሳል፤ አንዲት ቅንጣት በዲስኮቹ መካከል ከገባች ውሃ ያሾልካል። ወንፊቱ ወጥቶ እጀታው መሃል ላይ ይከፈት፣ መዝጊያዎቹ ቀስ ተብለው ይለቀቁ፣ ውሃው አንድ ደቂቃ ያህል ይፍሰስ፣ ከዚያ እጀታው ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ጥቂት ጊዜ ይመላለስ። ጠብታው ካልቆመ ካርትሪጁ ወጥቶ የጉጦቹ አቀማመጥና ከሥሩ ያሉት ጎማዎች ይታዩ፤ አንዱ ጎማ ሲገጠም ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

መልስ 22 የጠያቂው ነው፤ ወንፊቱ ሲፈታ ቡናማ ደቃቅ ተገኝቷል፣ ውሃው ከፈሰሰ በኋላም ጠብታው ቆሟል።